ፒችትሪ «ዳታቤዙን አላገኘሁም» ሲል እኔ የማደርገው

ሐምሌ 2 ቀን ጠዋት ነው። ደብረ ማርቆስ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ከጮቄ በኩል የመጣው ጉም ገና አልተነሣም። ቢሮ ስገባ ዘበኛችን «መብራቱ ሌሊት ሦስቴ ሄዶ መጣ» አሉኝ። ልብ አላልኩትም። ኮምፒውተሬን ከፍቼ የሂሳብ መመዝገቢያ ፕሮግራማችንን ፒችትሪን ስነካው ትንሽ ቆየና አንድ መልእክት አወጣ። ፐርቫሲቭ ከሚባለው ዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። ዘጋሁት። ደግሜ ከፈትኩት። ያው ነው።

የምሠራው የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ነው። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማር። ከአማኑኤል፣ ከሉማሜ፣ ከደንበጫ ሳይቀር እየመጡ የሚጭኑ ደንበኞች አሉን። ኮምፒውተሮቻችን አራት ናቸው፤ የእኔ፣ የገንዘብ ያዥዋ፣ የመጋዘኑ፣ እና ጥግ ላይ የተቀመጠው «ሰርቨር» የምንለው። ሰርቨር እንበለው እንጂ ተራ ዴስክቶፕ ነው። የድርጅቱ ሂሳብ በሙሉ ግን እሱ ላይ ነው ያለው።

ቀኑ ደግሞ ክፉ ቀን ነበር። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 አልቋል። የዕቃ ቆጠራው ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። የሰኔውን ቫት ሐምሌ ሳያልቅ ለገቢዎች ማሳወቅ አለብን። ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ።

የፈራሁበት ምክንያት ነበረኝ። ከዚህ በፊት በሠራሁበት ሌላ ድርጅት ልክ ይኼው መልእክት መጥቶብን ነበር። ባለሙያ ተጠራ። ባለሙያው አየት አደረገውና «ዊንዶውሱ ነው የተበላሸው» ብሎ ፎርማት አደረገው፤ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደመሰሰው ማለት ነው። ባክአፑ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂው፣ የተቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር። የአራት ወር ሂሳብ ጠፋ። ደረሰኝና ቫውቸር አንድ በአንድ እያወጣን፣ እያመሸን፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንደገና አስገባነው። አንዳንዱ ደረሰኝ ጨርሶ አልተገኘም። ፎርማት ከመደረጉ በፊት ግን ዳታው ምንም አልሆነም ነበር። አሁን ሳስበው ምናልባት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለዚያ ነው። ይኼ መልእክት ሲመጣ ሂሳባችሁ ጠፋ ማለት አይደለም። የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከመልእክቱ በኋላ በሚደረገው ነገር ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። ፒችትሪና ዳታቤዙ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ፒችትሪ የሂሳብ ፋይሎቹን በራሱ እጅ አይከፍትም። መሐል ላይ ፐርቫሲቭ የሚባል አለ። እኛ ቤት መጋዘን ጠባቂው እንደሚሠራው በሉት። ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል፤ ቁልፉ ያለው ጠባቂው ዘንድ ነው፤ እሱ ከፍቶ ያወጣለታል። ደንበኛው ዕቃውን ሳያገኝ ቢመለስ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ጠባቂው አልመጣ ይሆናል። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል። የተነገረው አድራሻ የሌላ መጋዘን ይሆናል። ቁልፉን ሌላ ሰው ይዞት ሄዶ ይሆናል። ሲሚንቶው ግን ውስጥ አለ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው ፒችትሪን እንዲዘጋና እንዳይነካው መንገር ነው። ድርጅቱን የሚመሩት ጋሼ ወዲያው መጡ።

«ምነው ልጄ፣ ሥራ ቆመ እንዴ?»

«ሽያጩ አይቆምም ጋሼ። ደረሰኙ በካሽ ሬጅስተሩ ይቆረጥ። ሂሳቡን በኋላ አስገባዋለሁ። ለእኔ አንድ ሰዓት ብቻ ይስጡኝ።»

«አዲስ አበባ ላለው ልጅ ልደውልለት?»

«ይደውሉለት፤ ግን እኔ ሳልነግርዎ ምንም እንዳይነካ።»

ይህን ማለት ከብዶኝ ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ገንዘቡም የእሳቸው ነው። ነገር ግን ሰው ሲጣደፍ ነው ፎርማት የሚደረገው። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያም ቢሆን 300 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከዓባይ በረሃ ማዶ ሆኖ፣ በስልክ ከሚገምት በቀር ምን ያደርጋል? ያን ሰሞን ኢንተርኔት ስላልነበረን ከሩቅ ገብቶ ማየትም አይችልም።

ከዚያ ፎልደሩን ቀዳሁ። ይህን ሳላደርግ ወደ ሌላ ነገር አልሄድም። ሰርቨሩ ላይ የፒችትሪ ዳታ የሚቀመጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ውስጥ እያንዳንዱ ድርጅት ከስሙ ላይ ተቆንጥሮ የወጣ አጭር ስም ያለው ፎልደር አለው። ውስጡ መጨረሻቸው «ዳት» የሆኑ ብዙ ፋይሎች ታያላችሁ። ሂሳቡ እነሱ ናቸው። ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ቀድቼ የዕለቱን ቀን ጻፍኩበት። ስትቀዱ ፒችትሪ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ የተዘጋ መሆን አለበት፤ ፐርቫሲቭም መቆም አለበት። ክፍት ፋይል ስትቀዱ ቅጂው ግማሽ ሊሆን ይችላል። በእኔ ቀን ፐርቫሲቭ ራሱ ቆሞ ስለነበር ችግር አልነበረውም።

ፍላሹን ኪሴ ስከት ልቤ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ብሳሳት እንኳ የምመለስበት አለኝ።

ቀጥሎ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው። ከሁሉ የጠቀመኝም እሱ ነው። ሰርቨሩ ራሱ ላይ ይከፈታል ወይ? ብዙ ሰው የሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ ይታገላል፤ ሰርቨሩ ጋ ሄዶ አይሞክርም። ይህ ጥያቄ ግን ችግሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሰርቨሩ ላይም እምቢ ካለ ችግሩ ጠባቂው ዘንድ ነው፤ ኬብልና ራውተር አትንኩ። ሰርቨሩ ላይ ተከፍቶ ሌሎቹ ላይ እምቢ ካለ ግን ጠባቂው ሥራ ላይ ነው፤ መንገዱን ፈልጉ።

እኛ ዘንድ ሰርቨሩ ላይም እምቢ አለ። ስለዚህ የዊንዶውስን የሰርቪስ፣ ማለትም ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን፣ ዝርዝር ከፈትኩ። መፈለጊያው ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ይመጣል። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ነው፤ ወደ ፒ ወርዳችሁ «ፐርቫሲቭ ፒኤስኪውኤል ወርክግሩፕ ኢንጂን» የሚለውን ታገኛላችሁ። ከጎኑ «ራኒንግ» የሚል ቃል መኖር ነበረበት። ባዶ ነው። በቀኝ ክሊክ «ስታርት» አልኩት። ተነሣ። ፒችትሪን ሰርቨሩ ላይ ከፈትኩት፤ ድርጅቱ ወጣ። የሰኔ 30 የመጨረሻ ደረሰኝ ቁጥር ሳይቀር አለ።

ታዲያ ለምን አልተነሣም? ኮምፒውተር ሲነሣ ዊንዶውስ እያንዳንዱን ሰርቪስ የሚጠብቀው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በተለምዶ 30 ሰከንድ። ሰርቨራችን አሮጌ ነው። ሌሊቱን ደግሞ ሦስቴ ወድቆ ተነሥቷል። እየተንደፋደፈ ሲነሣ ፐርቫሲቭ በሰዓቱ አልደረሰም፤ ዊንዶውስም ትቶት አለፈ። መፍትሔው እዚያው ሰርቪሱ ላይ አለ። ሁለቴ ስትነኩት «ስታርትአፕ ታይፕ» የሚል ቦታ አለ፤ «አውቶማቲክ ዲሌይድ ስታርት» የሚለውን መረጥኩ። ሌላው ሁሉ ከተረጋጋ በኋላ እንዲነሣ ማለት ነው። «ሪከቨሪ» በሚለው ገጽ ላይ ደግሞ ቢወድቅ ራሱን እንዲያስነሣ፣ የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ጊዜ «ሪስታርት ዘ ሰርቪስ» አልኩት። ሰርቪሱ ከተነሣ በኋላ መልሶ የሚወድቅ ከሆነ አንቲቫይረሱን እዩት። የፐርቫሲቭን ፋይል እንደ ቫይረስ ቆጥሮ ወደ ኳራንቲን (ማግለያው) የሚያስገባበት ጊዜ አለ። መልሳችሁ አውጡትና የፒችትሪና የፐርቫሲቭን ፎልደሮች እንዳይነካ አድርጉ።

ደስ ብሎኝ ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። የእኔ ኮምፒውተር ግን አሁንም ያንኑ መልእክት አወጣ። የገንዘብ ያዥዋም እንዲሁ።

ይኼ ሰውን ግራ የሚያጋባው ቦታ ነው። አንዱን ታስተካክሉና መልእክቱ ሳይቀየር ስታዩት «ያስተካከልኩት እሱ አይደለም» ብላችሁ መልሳችሁ ታፈርሱታላችሁ። እኔም ለትንሽ ከዚያ ተረፍኩ። ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ነበር የገጠመን፤ መልእክቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ሰርቨሩ ላይ ተከፍቷል፤ ስለዚህ መንገዱ ነው ብዬ ያዝኩ።

ምን ተቀየረ ብዬ ገንዘብ ያዥዋን ጠየቅኋት። «ቅዳሜ ራውተሩ ተቃጥሎ ሌላ ተቀየረ አይደል?» አለችኝ። እኔ ቅዳሜ አልነበርኩም። ነገሩ እዚያ ላይ ተፈታ። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ራውተር ሲቀየር ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ቤቱን የማያውቀው አዲስ ኔትወርክ አድርጎ ያየዋል። ሳይጠየቅም «ፐብሊክ» ብሎ ይመዘግበዋል። ፐብሊክ ማለት እንደ ካፌና እንደ ሆቴል ዋይፋይ፣ የማላውቀው ሰው ያለበት ቦታ ማለት ነው። የኮምፒውተሩ መከላከያ የሆነው ፋየርዎል በሩን ይዘጋል፤ የተጋራው ፎልደር አይታይም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ራውተር ለየኮምፒውተሩ አዲስ የአይፒ ቁጥር፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻ፣ ያድላል። ሰርቨራችን በፊት 192.168.1.5 ነበር፤ አሁን 192.168.1.9 ሆኗል።

የኔትወርኩን ሴቲንግ ከፍቼ አራቱንም ኮምፒውተሮች ከ«ፐብሊክ» ወደ «ፕራይቬት» ቀየርኩ። የሰርቨሩን ቁጥር ደግሞ ቋሚ አድርጌ በእጄ አስገባሁት፤ ራውተሩ ለሌላ እንዳያድለው። እዚህ ላይ ስለ ፒንግ፣ ማለትም አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ?» ብሎ ስለሚጠራበት ሙከራ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰርቨሩን ፒንግ ስታደርጉት መልስ ካልሰጠ ኬብሉ ተቆርጧል ብላችሁ አትደምድሙ። ኔትወርኩ ፐብሊክ ላይ ካለ ፋየርዎሉ ራሱ የፒንግን መልስ ይከለክላል። እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ኬብል በከንቱ ቀይሬያለሁ።

ፕራይቬት አድርጋችሁም እምቢ ካለ ሰርቨሩ ፋየርዎል ላይ ለፐርቫሲቭ መግቢያ መክፈት ነው። የሚጠቀምባቸው በሮች 3351 እና 1583 ናቸው፤ ሁለቱም ቲሲፒ በሚባለው የግንኙነት ዓይነት። «ፋየርዎሉን ጭራሽ አጥፉት» የሚል ምክር ብዙ ትሰማላችሁ። ለሁለት ደቂቃ አጥፍቶ ማየት ችግሩ እሱ መሆኑን ለማወቅ ይረዳል። ከዚያ መልሱት። ፍላሽ ከእጅ እጅ በሚዞርበት ቢሮ ፋየርዎል አጥፍቶ መኖር ሂሳቡን በር ላይ ማስጣት ነው።

የእኔም የገንዘብ ያዥዋም ተከፈተ። የቀረው የመጋዘኑ ነው። እሱ ላይ ችግሩ አድራሻ ነበር። የሰርቨሩ ፎልደር እኛ ዘንድ በዜድ ድራይቭ ነው የሚጠራው። ቅዳሜ ራውተሩን የቀየረው ልጅ የመጋዘኑን ኮምፒውተር ሲያገናኝ ዋይ በሚለው ፊደል አስገብቶታል። ፒችትሪ ግን ዜድን ነው የሚፈልገው። ፒችትሪ ዳታው የት እንዳለ የሚያውቀው ስሙ በፒሲደብሊው የሚጀምር፣ መጨረሻው «አይኒ» የሆነ ትንሽ ፋይል ላይ ከተጻፈ መስመር ነው። በኖትፓድ ስትከፍቱት «ዳታፓዝ» የሚል መስመር ታያላችሁ። ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለው ከእውነተኛው ቦታ ጋር አንድ መሆን አለበት። ፋይሉን ከመንካት ይልቅ ድራይቩን ወደ ዜድ መመለስ ቀለለኝ። መጋዘን ላይ ያሉት አያም «አሁን መጣ፣ አሁን መጣ» እያሉ ቆጠራቸውን ማስገባት ጀመሩ።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ተጀምሮ 5 ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። አዲስ አበባ ያለው ልጅ መልሶ ሲደውል ጋሼ «ተፈቷል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉት።

በዚያ ቀን ያልገጠመኝ፣ ከዚያ በፊት መጋቢት ላይ የገጠመኝ ሌላ ነገር አለ። እሱንም ልጻፈው፤ የብዙ ሰው ችግር ነውና። መልእክቱ ላይ 116 የሚል ቁጥር ይታያል። ፐርቫሲቭ ወርክግሩፕ በየኮምፒውተሩ ላይ አለ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ሳይነሣ ሲቀር፣ ቀድሞ የከፈተው ኮምፒውተር የራሱን ጠባቂ አስነሥቶ ፋይሎቹን ይይዛል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው ለማለትም ዳታው ፎልደር ውስጥ አንድ ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል። ስሙ ላይ ፒ ቪ ኤስ ደብሊው የሚል አለበት፤ መጨረሻው ኤል ኦ ሲ ነው። ሌሎቹ ሁሉ በእሱ በኩል ማለፍ አለባቸው። ያ ኮምፒውተር መብራት ሄዶበት ድንገት ሲጠፋ ቁልፉ አብሮት ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በትዕግሥት ከሆነ። ሁሉም ፒችትሪን ይዝጋ። በየኮምፒውተሩ ላይ የፐርቫሲቭን ሰርቪስ አቁሙ። ያን ትንሽ ፋይል ብቻ ስሙን ቀይሩት፤ ወይም አንሡት። ከዚያ መጀመሪያ የሰርቨሩን ሰርቪስ አስነሡ። ፒችትሪንም መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ክፈቱት፤ ሌሎቹ ይከተላሉ። አደራ፣ መጨረሻቸው «ዳት» የሆኑትን አትንኩ። ስማቸው ስለማይገባን ትርፍ ይመስላሉ። ትርፍ የለም።

ቁጥሩ 2 ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ያኔ ፋይሉ ራሱ ሳይጎዳ አልቀረም። እዚያ ላይ ሰዓት አታባክኑ፤ ወደ መጨረሻው ደህና ባክአፕ ተመለሱ።

ስለ ባክአፕ ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ቢሯችን የሚያደርገው እንዲህ ነው። ማታ 11 ሰዓት ላይ ሁሉም ይወጣል። እኔ ከፒችትሪው «ፋይል» ማውጫ ባክአፕ አወጣለሁ። ሁለት ፍላሽ አለን፤ አንድ ቀን አንዱ፣ አንድ ቀን ሌላው። የዕለቱን ጋሼ ይዘውት ወደ ቤት ይሄዳሉ። ሌባም ቢገባ፣ እሳትም ቢነሣ፣ ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም። በወር አንድ ቅዳሜ ደግሞ አንዱን ባክአፕ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ድርጅት አድርጌ እመልሰዋለሁ። ያለውን ሂሳብ እንዳይሸፍነው ነው አዲስ ድርጅት የምለው። ተከፍቶ የባንክ ሚዛኑን ካየሁ ደህና ነው ማለት ነው። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ ላይ አልተማመንም፤ አንድ ጊዜ ባዶ ፍላሽ ለሦስት ሳምንት ሲመላለስ ያገኘሁት በዚህ ቅዳሜ ነው።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስም ተገዛ። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉ፤ ስድስት ሳምንት ያመሸሁበትን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ገዙ። ዩፒኤሱ ላይ የተሰካው ሰርቨሩ ብቻ አይደለም፤ ራውተሩም ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሰርቨሩ በባትሪ ቆሞ ራውተሩ ከጠፋ ሌላው ሁሉ ከመሐል ይቆረጣል፤ እየተመዘገበ ያለ ደረሰኝም ሜዳ ላይ ይቀራል። ዩፒኤሱ መጮህ ሲጀምር ሁሉም ያስገባውን አስቀምጦ ይወጣል። ገንዘብ ያዥዋ አሁን እኔን አትጠብቅም፤ ጩኸቱን ስትሰማ ራሷ «ውጡ! ውጡ!» ትላለች።

ግድግዳ ላይም አንድ ወረቀት ለጠፍን። የሰርቨሩ ስም፣ የአይፒ ቁጥሩ፣ ዳታው ያለበት ቦታ፣ ዜድ የሚለው ፊደል፣ የሰርቪሱ ሙሉ ስም። የይለፍ ቃሉ አልተጻፈም፤ እሱ ጋሼ ዘንድ በፖስታ አለ። እኔ ብታመም፣ ብወልድ፣ ሌላ ቦታ ብሄድ የሚመጣው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ነው።

ባለፈው ወር አንዲት ሂሳብ ሠራተኛ ከቡሬ ደወለችልኝ። ስልኬን ከጋራ ወዳጃችን አግኝታ ነው። ያው መልእክት ነው የመጣባት። ሊያስተካክል የመጣው ሰው ፒችትሪን አውጥቶ እንደገና ኢንስቶል ላድርግ እያላት ነው።

«ቆይ እህቴ» አልኳት። «ፎልደሩን ቀድተሻል?»

«አልቀዳሁም።»

«ቅጂና ደውይልኝ።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደወለች። «ሰርቨሩ ላይ ይከፈታል?» አልኳት። ይከፈታል። «ጠዋት ይሠራል?» ጠዋት ይሠራል። ከምሳ ስንመለስ ነው ሁልጊዜ የምናጣው አለች። ሰርቨሩን ስትነካው ደግሞ ወዲያው ይስተካከላል።

ሰርቨሩ ምሳ ሰዓት ላይ ይተኛ ነበር። ማንም ሳይነካው ሲቆይ ዊንዶውስ «ስሊፕ» ያደርገዋል፤ ግንኙነቱ ሁሉ ይቆረጣል። የፓወር ሴቲንጉን ከፍታ ስሊፕ የሚለውን «ኔቨር» ላይ እንድታደርገው ነገርኳት። ማታ እንደገና ደወለች። ከሰዓቱን ሙሉ ሳይቋረጥባቸው ሠርተዋል፤ የወሩንም ደመወዝ ጨርሰው ወደ ሂሳብ መዝገቡ አስገብተዋል።